ፊቷን ሸፍኖ ተሸከማት

መምህር አስማማው በልብ ወለድ ውስጥ ያለ ሰው ለምን እንደሚያለቅስ፣ ለምን እንደሚሸፍት፣ ለምን ትዳሩን ጥሎ እንደሚሄድ ለመተንተን አንድ ቁራጭ ጠመኔ ይበቃው ነበር። ሰሌዳው ላይ ክብ ይሠራና መሃሉ ላይ «ሰው» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ በዙሪያው ቀስት እያወጣ «እናት»፣ «ባላንጣ»፣ «ፍቅር»፣ «ቂም» እያለ ይሞላዋል። «ሰውን የሚቀርጹት ሌሎች ሰዎች ናቸው» ይላል ድምፁን ከፍ አድርጎ። «አንድ ገጸ ባሕርይ የሚያደርገው ነገር ግራ ሲገባችሁ፣ ማን እንዲህ አደረገው ብላችሁ ጠይቁ።» ጎበዝ አስተማሪ ነበር፤ ይህን መካድ ነውር ነው። የሚያስቀው፣ ካሳቀ፣ ይኸው ሰው በኮቱ ኪስ ሦስት ወር ሙሉ ይዞት የሚዞረውን አንድ ደብዳቤ መመለስ አቅቶት መክረሙ ነው።

ደብዳቤው የመጣው ከሚስቱ ከሸዋሉል ነው። ሸዋሉል ደብረ ዘይት ታስተምራለች፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ደብረ ዘይት ሳይሆን የወንበራው። እሱም እዚያው ሁለት ዓመት አስተምሮ ነበር። አዲሱ ክልል ሲቋቋም፣ «በየቢሮው የምንቀጥራቸው ሰዎች የሥራ አማርኛ ይሠልጥኑልን» ተባለና አስማማው ተመርጦ ወደ አሶሳ መጣ። በካርታ ሲያዩት ወንበራም አሶሳም አንድ ክልል ናቸው። መኪና ላይ ሲወጡ ግን በነቀምት፣ በቡሬ፣ በቻግኒ ዞሮ መሄድ ነው፤ አምስት ቀን፣ ያውም ዝናብ ከሌለ።

ነሐሴ ላይ ዝናብ ነበረ። ሸዋሉል የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ምጥ ያዛትና ልጁ ሞቶ ተወለደ። ወሬው በወረዳው የመገናኛ ሬዲዮ አሶሳ ደረሰ። አስማማው በዚያው ዕለት ተነሣ፤ ግን መንገዱ እየተቆረጠ አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት። አራት ቀን አብሯት ቆይቶ ተመለሰ። በጥቅምት ወር ወደ አሶሳ ለስብሰባ የመጡ የወረዳ ሰዎች ይህን ይዘውለት መጡ፦

«አስማማው፣ እንደምን አለህ? እኔ ደህና ነኝ። አራት ቀን አጠገቤ ስትቀመጥ ስለ ልጃችን አንዲት ቃል አልተነፈስክም። ለምን? ሳይሰማህ ቀርቶ ነው? ወይስ ጥፋቱን በእኔ ላይ አድርገህ? ምንም ይሁን ንገረኝ፤ እችለዋለሁ። እስከ ጥር ዕረፍት እጠብቃለሁ። ካልመለስክ ዝምታህን እንደ መልስ ቆጥሬ ወደ አባቴ አገር እዛወራለሁ። ከዚያ በኋላ ባትፈልገኝ ይሻላል።»

አስማማው ደብዳቤውን ባነበበ ቁጥር የእናቱ ቤት ትዝ ይለው ነበር። እሱ ባደገበት ቤት ልጅ ሲሞት የእናትየውን ፊት እያዩ ስለ ሞተው ልጅ አያወሩም። ትልልቆቹ በር ላይ ቆመው የሚገባውን ሁሉ «አታንሱባት፤ ቁስሏን አትነካኩባት» ይሉታል። እናቱ ሁለት ልጅ ስትቀብር ይህን አይቷል። ስለዚህ እሱም ስለ ጣራው ማፍሰስ፣ ስለ ላምባ መወደድ፣ ስለ ሰባተኛ ክፍል መጽሐፍ መዘግየት ሲያወራ አራቱን ቀን ገፋ። ጠብቄአታለሁ ብሎ ነው የተመለሰው። አሁን ይህን እንዴት ይጻፈው? ሰባት ጊዜ ጻፈ፤ ሰባቱንም ቀደደ። በወረቀት ላይ ሲያየው ሰበብ ይመስላል፤ ለዚያውም ያማረ ሰበብ።

እንዲህ ታኅሣሥ ገባ።

አንድ ቀን ለሠልጣኞቹ «በሌላ ሰው ምክንያት ጠባዩ የተቀረጸ አንድ ሰው ጻፉ» የሚል ፈተና ሰጠ። ሠልጣኞቹ ጎልማሶች ናቸው፤ አንዳንዱ ከአስተማሪው ይበልጣል። ከመካከላቸው ኻሚስ የሚባል የአርባ ዓመት ሰው ነበር። ቀድሞ በአህያ ጭኖ እስከ ሱዳን ጠረፍ እስከ ኩርሙክ የሚነግድ የበርታ ሰው ነው፤ አሁን በአንድ አዲስ ቢሮ መዝገብ ቤት ተቀጥሯል። ቅጥሩ እንዲጸናለት ይህን ፈተና ማለፍ አለበት። ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ፣ ትልልቅ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ሳይናገር ይሰማል። የጻፈው ከአንድ ገጽ አያልፍም፦

«አንድ ሰው አለ። አማቱን አያይም። አማቱም እሱን አያይም። አሥራ ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም። እሷ በመንገድ ስትመጣ እሱ ከመንገድ ይወጣል። እሷ ባለችበት አይበላም። ስሟን አይጠራም። አንድ ጊዜ አማቱ ታመመች። ሰውየው ፊቷን በጨርቅ ሸፍኖ ተሸከማት። ይህ ሰው ድሮ ቁጡ ነበር። አሁን ቁጡ አይደለም። በአማቱ ምክንያት ጥሩ ሰው ሆነ።»

አስማማው አነበበውና ሳቀ። ደግሞ አነበበውና ተናደደ። አሥራ ሁለት ዓመት የተኳረፈ፣ የታመመች አሮጊት ፊቷ እንዳይታየው በጨርቅ የሚሸፍን ሰው፣ መጨረሻ ላይ ከመሬት ተነሥቶ «ጥሩ ሰው ሆነ»! ቀይ እስክሪብቶውን አነሣ። «ለምን ይጠላታል? የጥላቻው ምክንያት አልተገለጸም። የመጨረሻው ለውጥ አሳማኝ አይደለም» ብሎ ጻፈና ከመቶ ሠላሳ ስምንት ሰጠ።

እዚህ ላይ ቢቆም ደግ ነበር። ግን አስተማሪ ጥሩ ምሳሌ ሲያገኝ አያስችለውም። በማግስቱ የጸሐፊውን ስም ሳይጠራ ለክፍሉ አነበበው። «ፊቷን በጨርቅ ሸፍኖ» ሲል ከደጋ ተመድበው የመጡት ሠራተኞች ተንከተከቱ። የአካባቢው ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። አስማማው ይህንንም አየ፤ ትምህርቱ ከብዷቸው ነው ብሎ አለፈው። «ጥላቻ ያለ መነሻ አይኖርም» አለና ሰሌዳው ላይ ክቡን ሠራ። አስተማሪን በሰው ፊት ማረም ነውር ስለሆነ ማንም ቃል አልተናገረም።

በሦስተኛው ቀን ኻሚስ ወደ መምህራን ክፍል መጣ። ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞት ነበር።

«አቶ ኻሚስ፣ ይቀመጡ። ስለ ነጥቡ ከሆነ...»

«ነጥብ ተወው፣ መምህር» አለ ኻሚስ ሳይቀመጥ፤ አማርኛ ሲናገር የወንድና የሴት አንቀጽ ይምታታበታል። «እኔ ነጥብ አልመጣሁም። አማቴ ሰማ። ሰዎች ሄዶ ነገረው፤ መንግሥት አስተማሪ ኻሚስ አንቺን ይጠላል አለ፣ ብሎ። አማቴ ሁለት ቀን አልበላም።»

«ታሪኩ... የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው። እኔ ደግሞ ሄጄ ውሸት ነው ማለት አልችልም። አላወራትም። ወላሂ፣ መምህር፣ እንዴት አድርጌ ልንገረው?» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «አማቴ አስተማሪው ይምጣ ብሏል። ጁምዓ ከሶላት በኋላ እንሄዳለን።»

አስማማው አሁንም አልገባውም። የገባው ነገር ቢኖር፣ የአንዲት አሮጊት ምግብ መተው በእሱ ቀይ እስክሪብቶ የመጣ መሆኑ ነው። እሄዳለሁ አለ።

ዓርብ ቀን በኩርሙክ መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተጓዙ። መንገዱን ለቀው በታጨደ ማሽላ ማሳ ውስጥ ገቡ። ከመንደሩ መግቢያ አንድ ትልቅ ማንጎ ሥር ሲደርሱ ኻሚስ ቆመ። የኻሚስ ሚስት ኢቲዳል እዚያ ትጠብቃቸው ነበር። «ከዚህ ኢቲዳል ይወስድሃል» አለና ኻሚስ በቀርከሃዎቹ ኋላ ዞሮ ሄደ። አስማማው ዘወር ብሎ ሲያይ፣ ሰውየው ከጎረቤት አጥር ጀርባ ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሮ ሲቀመጥ አየው።

ዓፊያ በጠፍር አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቶቧን እስከ ግንባሯ የተከናነበች ሴት ናት። አስማማውን ከእግር እስከ ራሱ አየችውና በበርትኛ ተናገረች። ኢቲዳል አሶሳ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ስለተማረች ታስተረጉማለች። በብርጭቆ ቀዝቃዛ ከርከዴ ቀረበ።

«ጠጣ ትልሃለች። መጀመሪያ ጠጣ፤ ከዚያ እቆጣሃለሁ ትላለች።»

አስማማው ጠጣ።

«ይህን ቤት ማን ሠራው? ትላለች።»

«አቶ ኻሚስ ይመስለኛል።»

«ኻሚስ ነው። ሲሠራው ግን አላየሁትም ትላለች። የሚስት እናት አትታይም፤ ክብር ነው። እኔ አባትና እናቱን ያህል ነኝ፤ ከዚያም በላይ ነኝ። በእኛ ዘንድ ጥሩ አማች ፊቴን አያይም፤ ድምፁን በእኔ ላይ አያነሣም፤ ስሜን በአፉ አያደርግም። እሱ አጥር ሊሠራ ሲመጣ እኔ ውሃ እወርዳለሁ። ቶሎ ብመለስ ሥራውን ትቶ መሄድ አለበት። ስለዚህ ጉድጓዱ ዘንድ እቆያለሁ። የገጀራው ድምፅ እስኪያልቅ እቆያለሁ። ስሄድ በቅል ውሃ ከጥላው ሥር አስቀምጥለታለሁ። ስመለስ ቅሉ ታጥቦ ተደፍቶ አገኘዋለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ትላለች፣ አንድ ቀን እንኳ ሳያጥበው የሄደበት የለም።»

አስማማው ወረቀቱን አስታወሰ። ከእያንዳንዱ አረፍተ ነገር ሥር ያሰመረው ቀይ መስመር በዓይኑ ላይ መጣ።

«ጨርቁስ?» አለ ቀስ ብሎ። «ሲታመሙ ፊታቸውን የሸፈነው?»

ዓፊያ ጥያቄው ሳይተረጎምላት ገባት። ቶቧን ጎትታ ፊቷን ሸፈነችና ከውስጥ ሆና ተናገረች። ኢቲዳል እናቷን እስከ መጨረሻው ሰማቻትና ተረጎመች።

«ያን ጊዜ ወባ ነው ትላለች። መንደር ውስጥ ወንድ አልነበረም፤ ሁሉም እርሻ ሄዷል። ከኻሚስና ከአንድ ሽማግሌ በቀር ማንም የለም። ሌላ ሰው ልጥራ ብሎ ቢሄድ እሞታለሁ። ፊቴን እያየ ቢሸከመኝ ደግሞ እኔ አፍራለሁ፤ አማቼ ፊት ተበላሽቼ፣ አስመልሼ። እንዳላፍር ፊቴን ሸፈነልኝ። በአልጋ አወጡኝ፤ ሽማግሌው ከፊት፣ እሱ ከኋላ በኩል ያዘ። እስከ ሆስፒታል ድረስ ትንፋሹን እሰማ ነበር። ሲያለቅስም እሰማ ነበር። ማልቀሱን እንደሰማሁ ለእሱ ማንም አልነገረውም ትላለች። ዛሬ ለአንተ ነገርኩ። አሁን ይጠላኛል በል።»

አስማማው አንገቱን ደፋ። ተነሥቶ ለይቅርታ ጉልበቷን ነካ። ዓፊያ ቶቧን ከፊቷ ገለጠችና ትንሽ ሳቀች። ቁጣዋ ያን ያህል ነበር። የቀረበላትን ገንፎ እየበላች ወደ ጨዋታ መለሰችው።

«ሚስት አለህ? ትላለች።»

«አለችኝ። ወንበራ ነው ያለችው።»

«ትነጋገራላችሁ?»

መዋሸት ይችል ነበር። ሴትዮዋ ግን ከላይ እስከ ታች እንደገና እያየችው ነው። «አይ» አለ። «ከነሐሴ ወዲህ አልተነጋገርንም። ልጅ ሞቶብን ነበር። እንዳይከፋት ብዬ... ዝም አልኩ።»

ኢቲዳል ስትተረጉምላት የዓፊያ ፊት ፈካ። እጇን አጨበጨበች።

«እሰይ፣ ለካ በእናንተም አገር አለ! ትላለች። ታዲያ ማን ነው የሚያመላልስላችሁ? የእኔንና የኻሚስን ኢቲዳል ታመላልሳለች፤ አጥሩ ይናገራል፤ ቅሉ ይናገራል። የአንተን ዝምታ ለሚስትህ የሚነግርላት ማን ነው?»

«ማንም» አለ።

ዓፊያ ተርጓሚዋን ጠበቀች። ከሰማችም በኋላ ግራ ገብቷት ልጇን እንደገና ጠየቀቻት። ኢቲዳልም ደገመችላት፦ ማንም። አሮጊቷ ሴት ፈገግታዋ ጠፋ፤ ወደ አስማማው ጎንበስ ብላ፣ ሐዘን ቤት እንደሚነጋገሩት ድምፅዋን አሳንሳ አንድ ነገር አለች።

«ታዲያ እሷ በምን ታውቃለች? ትልሃለች።»

ይህን ጥያቄ ሸዋሉልም በሌላ ቃል ጽፋለታለች፤ ግን ከሚስት ሲመጣ ክስ መስሎት ነበር። አሁን ከባዕድ ሴት አፍ ሲሰማው ጥያቄ ብቻ ሆኖ ታየው። የኻሚስን ዝምታ ሁለት ሰዎች ያውቁታል፤ ተማምነው፣ ተጠባብቀው፣ አንዱ ሲሄድ ሌላው እየመጣ አብረው የገነቡት ቤት ነው። የእሱን ዝምታ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሸዋሉል ያደገችው ሐዘንን እየጠሩ በሚያለቅሱበት ቤት ይሁን፣ ደብቀው በሚውጡበት፣ ጠይቋት አያውቅም። የእናቱን ቤት ደንብ አምጥቶ ሚስቱ ላይ ጫነባት፤ እሷ ደግሞ በራሷ ቤት ፊደል አነበበችው። እሱም የኻሚስን ወረቀት እንዲሁ ነው ያነበበው። ሰው ሲተነትን የኖረ ሰው! አፈረ፤ ከልቡ አፈረ።

ሲሰናበት ከማንጎው ሥር ኻሚስን አገኘው። «አቶ ኻሚስ፣ በድዬዎታለሁ» አለው። ኻሚስ ስለ ራሱ አልጠየቀም። «በላ?» አለ። በልታለች፣ ዓይኔ እያየ ገንፎ በልታለች ሲለው፣ ሰውየው ትልልቅ እጆቹን ፊቱ ላይ አደረገና «አልሐምዱሊላህ» አለ።

ሰኞ ዕለት አስማማው ክፍል ገብቶ ክብ አልሠራም። በኻሚስ ፈቃድ ያንኑ ወረቀት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበው፤ በየአረፍተ ነገሩም ሥር ምን እንዳለ የሰማውን ነገራቸው። ባለፈው የሳቁት አንገታቸውን ደፉ። አንገታቸውን ደፍተው የነበሩት ቀና አሉ። «ይህን ጽሑፍ የጣልኩት እኔ ነኝ፤ የወደቀውም አንባቢው ነው» አለ። ነጥቡን አርሞ ወረቀቱን ለኻሚስ በእጁ ሰጠው። ኻሚስ ቁጥሩን አየና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ለኢቲዳል ሊያሳያት፣ ኢቲዳል ደግሞ ለእናቷ ልትነግራት።

ስምንተኛ ደብዳቤ አልጻፈም። የጥር ዕረፍት ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ፈቃድ ጠይቆ በጭነት መኪና ተሳፈረ። መንዲ አንድ አዳር፣ ነቀምት አንድ አዳር፣ ከዚያ ዓባይን ተሻግሮ ቡሬ። በየመንገዱ የሚለውን እያዘጋጀ፣ እየጣለ፣ እንደገና እያዘጋጀ ሄደ። በስድስተኛው ቀን ቀትር ላይ ወንበራ ደረሰ። ሸዋሉል ደጃፏ ላይ አግዳሚ ወንበር አውጥታ የተማሪዎች ደብተር ታርማለች። ስታየው አልተነሣችም። ከአጠገቧ የታጠፈ የዝውውር ማመልከቻ ነበር፤ ከላዩ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አድራሻ ተጽፎበታል።

«መልሱን በፖስታ ብትልክ ይቀልህ ነበር» አለች።

«ጽፌ ጽፌ ቀደድኩት፣ ሸዋ።» አቧራው እንደለበሰ፣ ሻንጣው እጁ ላይ እንዳለ ቆሟል። ያዘጋጀው ሁሉ ጠፋበት። «ባነሣብሽ የምትታመሚ መስሎኝ ነው። ያደግኩበት ቤት እንደዚያ ነው። ጥፋተኛ አድርጌሽ አላውቅም። ተሰምቶኛል።»

ሸዋሉል ደብተሩን ዘጋች። «ጥሩ አነጋገር ነው። ከመጽሐፍ ቢሆን ጎበዝ እልህ ነበር» አለች። ዓይኗ ደረቅ ነበር። «አስማማው፣ ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አልጠየቅከኝም። አራት ቀን! ለሰው ሁሉ ደብቄ አንተ እስክትጠይቀኝ ይዤው ነበር። ስትሄድ መኪናው ድረስ ሸኝቼህ፣ እዚያም ጠብቄ ነበር።»

«ሴት ናት» አለ።

ሸዋሉል ቀና አለች። «ማን ነገረህ?»

«የመጣሁ ዕለት ቤት ከመግባቴ በፊት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አዋላጇን ጠየቅኳት። የተቀበረችበትንም አሳየችኝ። ከዚያ ነው ወደ አንቺ የገባሁት። አራቱንም ቀን ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ እቀመጥ ነበር።»

«ዳቦ ልገዛ ነው ትለኝ ነበር።»

«ዳቦም ገዝቻለሁ» አለ አስማማው፤ እንባው መጣ። «አዋላጇ ፀጉር ነበራት አለችኝ። ብዙ ፀጉር። ግንባሯ ድረስ የወረደ።»

ከሸዋሉል ጭን ላይ ደብተሮቹ ተንሸራተው ወደቁ። ለማንሣት አልሞከረችም። ተነሥታ ፊት ለፊቱ ቆመችና በሁለት እጇ ኮቱን ጨመደደችው።

«ፀጉር ነበራት?» አለች። «እኔ እኮ አላየኋትም። ይጎዳሻል ብለው ጠቅልለው ወሰዷት። ስለምን ዓይነት ልጅ እንደማለቅስ ሳላውቅ ነው እስከ ዛሬ የማለቅሰው። አንተ ዘንድ ነበር? መልኳ ይህን ሁሉ ወር አንተ ዘንድ ነበር?»

በጡጫዋ ደረቱን መታችው፤ አንድ ጊዜ፣ በሙሉ ኃይሏ። ከዚያ ጡጫዋን ከዚያው ሳታነሣ ግንባሯን ደገፈችበት።

«ሌላ ምን አለችህ?» አለች። «ንገረኝ። አንድም ሳታስቀር ንገረኝ።»

ሻንጣውን መሬት ላይ ለቀቀውና ከአዋላጇ የሰማውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግራት ጀመር።